የጳጉሜ ደረሰኝ

እትዬ ዘርፌን ከሥራ ያስባረርኳት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ላይ አላሳብብም። እኔ፣ ዕፀገነት፣ ባለ ዲግሪዋ!

ተመርቄ ስምንት ወር ሥራ ፈትቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ገርጂ አንድ የሴራሚክ መሸጫ ጀማሪ አካውንታንት አድርጎ የቀጠረኝ። ባለቤቱ አቶ አብዱልሐሚድ ይባላሉ፤ ከወሎ መጥተው ከአንዲት ኪዮስክ የተነሱ ነጋዴ ናቸው። እኔ እስክመጣ የቤቱን ሂሳብ አሥራ አራት ዓመት የያዘችው እትዬ ዘርፌ ነበረች። ትምህርቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ናቅኳት። ኮምፒውተር የምትነካው በአንድ ጣት ነው። እሷ ደግሞ የኔን ንቀት ከምንም ሳትቆጥር ጠዋት ጠዋት «ቁርስ በልተሻል የኔ ቆንጆ?» ትለኛለች። የማሽን ደረሰኝ ቀለሙ ቶሎ እንደሚጠፋ፣ ሳይጠፋ ኮፒ ተደርጎ መያያዝ እንዳለበት ያሳየችኝ እሷ ናት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሄን ማን ነገረኝ? ማንም!

ጳጉሜ ሊገባ ሲል እንደ ልማዷ ጠበል ልትጠመቅ እንጦጦ ለመውጣት ፈቃድ ወሰደች። ከመሄዷ በፊት ወንበሬ አጠገብ መጥታ፣
«የጳጉሜን ቀናት ደረሰኝ ከነሐሴው ጋር ነው የምታስገቢው፤ ቫቱ አንድ ላይ ነው የሚታወቀው» አለችኝ።
«አውቃለሁ እትዬ» አልኳት ቆጣ ብዬ።

ምን አውቃለሁ! የተማርኩበት መጽሐፍ የፈረንጅ ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። የነገረችኝን እንኳ በቅጡ አልሰማኋትም። ነሐሴን በሠላሳ ዘጋሁና የጳጉሜን ወደ መስከረም ወረወርኩት። ደግሜ ብጠይቃት ምን ነበረበት? አሥራ ሁለተኛ ክፍልን መጠየቅ ሞት መሰለኝ።

ታኅሣሥ ላይ በጳጉሜው ቫት ከግብር መሥሪያ ቤት የቅጣት ደብዳቤ መጣ። አቶ አብዱልሐሚድ ወረቀቱን ይዘው ገቡና በቀጥታ ወደ እሷ ሄዱ፤ ደረሰኝ የምትለየው እሷ ናታ።
«ዘርፌ፣ ጠበል ብለሽ ሥራውን ጥለሽው ሄድሽ?»
«ኧረ በስመአብ! ከነሐሴ ጋር ነው ብዬ ለዕፀገነት ነግሬያት ነው የሄድኩት።»
ወደ እኔ ዞሩ። «ነግራሻለች?»

አዎ ማለት ነበር፤ አንዲት ቃል። ግን ያ ስምንት ወር ትዝ አለኝ። እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ አካውንታንት ሆነች» ማለቷ ትዝ አለኝ።
«እንጃ፤ እኔ አላስታውስም» አልኩ።

እትዬ ዘርፌ አየችኝ። መነጽሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። የስንብት ደብዳቤዋን ኮምፒውተር ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ የሚጽፍ አልነበረም። ስሟን ስጽፍ አንዲት ፊደል እንኳ አልሳትኩም፤ ዛሬ ድረስ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

አንድ ቀን መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ አየኋት። የሥራ ማመልከቻ ፋይል በደረቷ አቅፋለች፣ በዚያ ዕድሜዋ። አንድ ሰውዬ ጀርባ ተደብቄ ታክሲዋ እስኪሞላ ቆምኩ። ነገ ለአቶ አብዱልሐሚድ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ሦስት ወር አለፈ።

ከዚያ ኦሎምፒያ ያለ አንድ ትልቅ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ሳጂዳ የምትባል የፋይናንስ ኃላፊ፣
«በሥራሽ ላይ ያጋጠመሽን አንድ ስህተት ንገሪኝ» አለችኝ።

ተናገሪ አንቺ! አልኩ ለራሴ፤ እዚህ ማንም አያውቅሽም፣ ቢያንስ እዚህ ተናግረሽ ውጪ። አፌን ከፈትኩ።
«አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴትዮ ነበረች» አልኩ። «ዲግሪ የላትም። የጳጉሜን ደረሰኝ ከነሐሴ ጋር ማስገባት ሲገባት ወደ መስከረም ወስዳው ድርጅቱን አስቀጣችው።»

ሳጂዳ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ፈገግ አለች።
«ጎሽ! ጀማሪዎች ይሄን አያውቁም። ማን አስተማረሽ?»
«በራሴ ነው» አልኳት።

ሰኞ ሥራ ጀመርኩ።