የጋሽ መርሻ ቁራጭ ፊልም

ቤቴን የአቼቶ ሽታ ሞላው። እኔ ጋ ሰላጣ የት አለና! ሽታውን ብከተለው አልጋዬ ሥር ወዳለው የብስኩት ቆርቆሮ ወሰደኝ። ስከፍተው የጋሽ መርሻ ቁራጭ ፊልም ተጨማዷል። ፊልም ሲያረጅ አቼቶ አቼቶ ይሸታል ለካ!

ጋሽ መርሻ ኮልፌ፣ ከእኛ ፊት ለፊት ይኖሩ ነበር። በሲኒማ መኪና ገጠር እየዞሩ ፊልም የሚያሳዩ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ሲራመዱ የካሜራቸው ቦርሳ ጉልበታቸውን ይመታው ነበር። አንድ ቀን አለቃቸው «ለጃንሆይ ልደት የሚታይ የሰፈር ኑሮ አንሳ» ብሎ አንድ ጥቅል ፊልም ሰጣቸው። አንድ! ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት ነገር ነው።

ወሬው ቀደማቸው። ጠዋት ካሜራውን ሲተክሉ ሰፈሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ መንገድ ዳር ተሰልፏል። ሸማኔው ሳይቀር ከጉድጓዱ ወጥቶ እጁን ጎኑ ላይ ለጥፏል። ፎቶ ቤት የለመደ ሰው ምን ያድርግ? ካሜራው ይንጫጫል፣ ሰው አይተነፍስም።

«ተንቀሳቀሱ እንጂ ወገኖቼ! ፊልም እኮ ነው!»

«ተንቀሳቅሰን ቢበላሽስ?» አለች ጠላ ሻጯ አስካለ፣ ከንፈሯን ሳታላቅቅ።

ጋሽ መርሻ ኮፍያቸውን መሬት ላይ ወረወሩት። ፊልሙ ሊያልቅ ነው። ይሄኔ እናቴ የእንጨት ሸክሟን ይዛ፣ በባዶ እግሯ፣ ሰልፉን ሰንጥቃ መጣች። ከቆመች ሸክሙ ይጥላታል።

«ገለል በሉ፣ ወገቤ ተቆረጠ!»

ካሜራውን ወደሷ አዞሩ። እያነሱ እንባቸው ሲወርድ አይቻለሁ።

ከወር በኋላ ቤታችን መጥተው ቁራጭ ፊልም ለእናቴ ዘረጉላት። «እትዬ ጥሩነሽ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው የተንቀሳቀሱት እርስዎ ብቻ ነበሩ። አለቃዬ ‹አገር ታሰድባለች፣ አውጣት› አለኝ። ቆርጬ አወጣሁዎት። በገዛ እጄ።»

እናቴ ወደ በሩ ብርሃን አንስታ አየችው።

«እኔን ካወጡኝ እንጨቱን ማንን አሸከሙት?»

ጋሽ መርሻ ከዚያ ወዲያ ካሜራ አልነኩም። ቀና ብለው ሳይሄዱ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። ያ የተገተረ ሰልፍ ግን «የኮልፌ ኑሮ» ተብሎ ታየ አሉ። ኑሮ! ወይ ኑሮ!

አሁን እናቴም የለችም። ሌላ ፎቶ የላትም። ቁራጩን ይዤ ጦር ኃይሎች ወዳለው ፎቶ ቤት ሮጥኩ። ሰውዬው በሁለት ጣቱ ይዞ፣ አፍንጫውን ሸፍኖ አየው።

«በስብሷል ወንድሜ፣ አይድንም።»

ተሳድቤ ወጣሁ። እሱ ምን አጠፋ!

ሳይመሽ መስኮቱ ላይ ለጥፌ አየኋት። ፊቷ ጠፍቷል። አንድ እግሯ እንደተነሳ ነው። እንጨቱ ግን አንዲት ጭራሮ እንኳ አልጎደለውም።