ወይዘሮ ማርጋሬት ወደ ህንድ የላኳቸው ደብዳቤዎች

ቅዳሜ፣ ማለዳ አንድ ሰዓት፣ አምስተልቨን

የሆላንድ የብርድ ወራት ነውና ገና አልነጋም። ታክሲው ደጅ ቆሟል። የምንከባከባቸው እንግሊዛዊት አዛውንት፣ ወይዘሮ ማርጋሬት፣ ኮፍያቸውን አድርገው ይጠብቁኛል።

የተወለዱት እንግሊዞች ህንድን በሚገዙበት ዘመን እዚያው ህንድ ነው። በሰባት ዓመታቸው ብቻቸውን እንግሊዝ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። በየእሁዱ ለእናታቸው ይጽፉ ነበር። አንድ እሁድ ግን ናፍቆቱ ቢብስባቸው «ጥለሽኛል፤ ከእንግዲህ አልወድሽም» ብለው ላኩ። ብዙም ሳይቆይ እናታቸው በወባ መሞታቸው ተሰማ። እናታቸው ከመሞታቸው በፊት አንብበውት ይሆን? ሰማንያ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ጥያቄው አልለቀቃቸውም።

እዚህ ሆላንድ አግብቶ የኖረው ወንድማቸው በቅርቡ አረፈ። ልጁ ኤልስ ቤቱን ስታጸዳ ከአያቷ የተረፉትን እነዚያን ደብዳቤዎች አግኝታ ደወለች።

ሦስት ሰዓት፣ ሮተርዳም

የባቡር ለውጥ። ንፋሱ ፊት ይገርፋል። ሁለት ሻይ አምስት ዩሮ! እሳቸው አልቀመሱትም።

«አልማዝ፣ ብንመለስስ?»

«እዚህ ድረስ መጥተን? አይሆንም፣ ወይዘሮ።»

ሮላተራቸውን፣ ያቺን ባለ ጎማ መደገፊያቸውን፣ እየገፉ ተከተሉኝ።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ቭላርዲንገን

ጠባብ የጡብ ቤት፤ ኮሪደሩ በካርቶን ተሞልቷል። ኤልስ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ፖስታዎቹ በቀናቸው ተደርድረዋል፤ ሁሉም በቢላ በጥንቃቄ ተከፍተዋል። የመጨረሻው ግን እንደታሸገ ነው። ጀርባው ላይ በአባታቸው እጅ «ከቀብሯ በኋላ ደረሰ» ተብሎ ተጽፏል።

ወይዘሮ ማርጋሬት እሽጉን ደጋግመው በጣታቸው ዳሰሱት።

«አላነበበችውም» አሉ። «አልማዝ፣ እናቴ አላነበበችውም!»

አቀፍኳቸው። ሦስታችንም አለቀስን።

«ልክፈተው እንዴ?» አለች ኤልስ።

«ተይው። የተጻፈበትን አውቀዋለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት፣ በመመለሻው ባቡር፣ ዴን ሃግን አልፈን

ሜዳው፣ ቦዩ፣ ላሞቹ። የቋጠርኩትን የአይብ ዳቦ ሁለት በሉ፤ የእኔንም ጨምረው። ከዚያ የመጀመሪያውን ደብዳቤ አውጥተው ወደ ሆላንድ ቋንቋ እየተረጎሙ ያነቡልኝ ጀመር፦

«እማዬ፣ ደርሻለሁ። እዚህ አገር ይበርዳል። ደግሞ እዚህ አገር ገረዶቹም ነጮች ናቸው!»

ድንገት አቆሙ፤ ቀና ብለው አዩኝ፤ ፊታቸው ቀላ።

«ይቅርታ፣ አልማዝ። ሰባት ዓመቴ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። አምስተልቨን ስንደርስ ሁለታችንም ሳቃችን አላባራም ነበር።