የጊዜዋ ሥር እና ቆማ የተኛችው ባዝራ

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ የመጨረሻ ዓመታት በአንዱ፣ ከጥምቀት ማግስት እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ እናቴ እንቅልፍ አጣች። ታላቅ ወንድሜ ተሾመ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሰሜን ዘምቶ ነበር። መጀመሪያ ደብዳቤው ዘገየ፣ ቀጥሎ ደብዳቤው ቀረ፣ ከዚያ የእናቴ እንቅልፍ ቀረ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ፣ የእንጨቱ ሥርም ተረቱም፣ በዚህ ምክንያት የመጣ ነው።

ቤታችን ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ በሚወስደው ትልቅ መንገድ ጀርባ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ካሉ የቀበሌ ቤቶች አንዱ ነበር። አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ እኛ ወሬያችንን ሳናቋርጥ ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን። እናቴ አስካለ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ትመታ ነበር። እንቅልፍ ካጣች ወዲህ አንድ ገጽ ሦስቴ አራቴ ትደግም እንደነበር፣ አለቃዋም እንደታዘባት፣ ለጎረቤት ስትናገር ሰምቻለሁ። ሻይ ውስጥ ጨው ጨምራ ሳታውቀው ጠጥታለች። ጉንጮቿ ወደ ውስጥ ገቡ። ልጅ ብሆንም ሴትዮዋ እያለቀች እንደሆነ ይታየኝ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ የወሎ ሰው ናቸው። ባላቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ከግቢያችን በር ላይ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ላምባና በርበሬ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ትምህርት ቤት ስሄድ በሱቁ መስኮት ብቅ ይሉና «ሰብልዬ፣ ወንድምሽ ጻፈ?» ይሉኛል። «አልጻፈም» እላለሁ። «አብሽሪ፣ ይጽፋል» ይላሉ። ይህ በየቀኑ የሚደገም ነገር ነበር። በቅበላ ሳምንት ግን መጠየቃቸውን ተዉት። ያኔ አልከፋኝም፤ እንዲያውም «አልጻፈም» ማለቱ ሰልችቶኝ ስለነበር ተገላገልኩ።

በዚያው ሳምንት ይመስለኛል ህንዱ መምህር ሱቃቸው ደጃፍ የቆመው። ወጣት ነበር፣ የሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ አስተማሪ፣ ከግቢያችን ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። አማርኛን ደፍሮ ይናገራል፤ ወንድና ሴት ግን አይለይም። እትዬ ዘሀራ ከሱቃቸው መቃን በላይ የደረቀ የጊዜዋ እንጨት አንጠልጥለው ነበር፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው። እሱን አንጋጦ አየ።

«እትዬ ዘሀራ፣ ይሄ ለምን ሰቀልክ?»

«ቡዳ እንዳይገባ ነዋ! ሲብስም እናጨሰዋለን። እናንተ አገር ቡዳ የለም እንዴ?»

«አለ። ግን ይሄ እኛ አገር ይጠጣል። ሥሩ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ወተት ውስጥ ይፈላል። አያቴ ጭንቀት ለያዘው ሰው፣ እንቅልፍ እምቢ ላለው ሰው ይሰጣል። አሽዋጋንዳ ይባላል። የፈረስ ሽታ ማለት ነው።»

«ቡዳውን ጠጣችሁት በለኛ! ታዲያ በር ላይ ምን ትሰቅላላችሁ?»

«ሎሚና ቃሪያ።»

እትዬ ዘሀራ ባንኮኒውን በመዳፋቸው መቱት። «ወይ ጉድ! እኛ የምንበላውን ትሰቅላላችሁ፣ የምንሰቅለውን ትጠጣላችሁ!» ብለው እስኪደክማቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። «እንቅልፍ እምቢ ላለው አልክ?» ብለው ጠየቁት።

ሥሩን ለመቆፈር በእሑድ ማለዳ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተደቡብ ወዳለው ወደ ቦሌ ቡልቡላ ሄድን። ያኔ ቡልቡላ የገበሬ ማሳ ነበር። በእትዬ ዘሀራ ወግ መሠረት መድኃኒት የሚቆፍር ሰው ከቤቱ ከወጣ ጀምሮ ሥሩን ይዞ እስኪመለስ ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ ከተነጋገረ ሥሩ ይረክሳል። ለመምህሩ ይህን ማታውኑ አስረድተውት ነበር፤ ራሱን እየነቀነቀ ተስማምቷል። ሰውየው ግን ሰላምታ አክባሪ ነው። ማሳው ዳር ያገኘነውን የመጀመሪያውን ገበሬ «ደህና አደርሽ?» አለው፣ እጁንም ዘርግቶ ጨበጠው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። እትዬ ዘሀራ መናገር ስለማይችሉ በዓይናቸው ብቻ ገደሉት። ሥሩን ቆፍረን፣ አራግፈን፣ በዝምታ ግቢያችን ደረስን። የግቢውን በር እንዳለፍን አፋቸው ተከፈተ። «በል እንግዲህ፣ ይሄን ለፍየል ስጠው! ረክሷል!» ሥሩን ከአጥር ውጭ ጣሉት። በሳምንቱ እሱን ትተው እኔን ብቻ አስከትለው ሄዱ። አፌ ውስጥ ከረሜላ አደረጉልኝ፣ እንዳልናገር።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ወተቱ ነበር። ሁዳዴ ገብቷል። እናቴ «ልጄን ስጠኝ ብዬ የምጾመውን ጾም በወተት አላፈርሰውም» አለች። መምህሩ ያለ ወተት አላየሁም አለ። እትዬ ዘሀራ እስላም ቢሆኑም ከክርስቲያን ጋር አንድ ግቢ የኖሩ ሴት ናቸውና መላው ወዲያው መጣላቸው። ሱፍ ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በውሃ አሽተው አጠለሉት። የሱፍ ውሃ መልኩ ወተት ነው። የሥሩ ዱቄት በዚያ ፈላ። ሽታው ዝናብ የመታው የጋሪ ፈረስ ሽታ ነበር፤ ህንዶቹ ስም ሲያወጡ አልዋሹም።

ከዚያ በኋላ እትዬ ዘሀራ የመግሪብ ሶላታቸውን ሰግደው፣ ሱቃቸውን ዘግተው በየምሽቱ ይመጡ ነበር። መብራት ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ ፋኖስ እናበራለን፤ ከሰሉ ላይ ድስቷ ትንተከተካለች፤ የፋኖሱ ብርጭቆ በአንድ ጎኑ ጠቁሮ ስለነበር የእሳቸው ፊት በብርሃን፣ የእናቴ ፊት በጥላ ይሆናል። እናቴ ጽዋውን እስክትጨርስ ተረት ያወራሉ። ተረቱ ለእኔ ነው ይባል እንጂ እየተናገሩ የሚያዩት እናቴን ነበር። ተረታቸው አንድ ሕግ ነበረው፤ ከቤት የወጣ ሁሉ ይመለሳል። ወንዝ የወረደችው ፍየል ትመለሳለች፣ ጫካ የጠፋው ልጅ ይመለሳል፣ በንስር የተነጠቀችው ጫጩት እንኳ እንደምንም ትመለሳለች። እኔ መጨረሻውን ስለማውቀው ብዙ ጊዜ መሀል ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አንድ ምሽት ግን ያወሩትን እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

አንዲት ባዝራ ነበረች። ውርንጭላዋ ለዘመቻ ተጭኖ ሄደባት። ባዝራዋ ብቻዋን መስክ ላይ ቀረች። ጅቦች ይህን ሰሙ። ሽማግሌው ጅብ «የቆመች ባዝራ እርግጫዋ ጥርስ ያወልቃል፤ ስትተኛ እንበላታለን» አለ። ወጣቱን ጅብ ሰላይ አድርገው ላኩት። በየምሽቱ ይጠይቁታል። «ምን ሆነች?» «ቆማለች።» «ዛሬስ?» «ቆማለች።» ራቡ በረታባቸው። እርስ በርስ ተናከሱ። ክረምት ገባ፣ ወንዙ ሞላ፣ ጅቦቹ ከወንዙ ማዶ ቀሩ።

እናቴ ጽዋውን ይዛ «ባዝራዋን ያን ሁሉ ጊዜ እንቅልፍ አልወሰዳትም?» አለች።

«አዬ አስካሉ! ፈረስ እኮ ቆሞም ይተኛል። ጅብ ይህን የት ያውቃል?»

እኔ የጓጓሁት ለሌላ ነበር። «ውርንጭላውስ ተመለሰ?» አልኩ። እትዬ ዘሀራ ፍሙን በጉጠት ገለበጡት። ከሰሉ ትንሽ ተንጣጣ። «ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። ዛሬ መልሱልኝ አልልም፤ እናንተው ጋ ይደር» አሉና ተነሱ። ሕጋቸውን ሲያፈርሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ግን ተረቱን ሳይጨርሱት የሄዱ መስሎኝ ተናደድኩ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዘሀራ በመስኮታቸው «አስካሉ፣ እንዴት አደርሽ? እንቅልፍስ?» ብለው ጠየቋት። እናቴ «ዛሬስ ትንሽ ሸለብ አደረገኝ» አለች። ሴትዮዋ ፊታቸው በራ። ሱቁን ሳይዘጉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ወደ እድራችን ዳኛ ወደ ጋሽ በቀለ ቤት ገሰገሱ። እናቴ ቦርሳዋን ይዛ ቆማ ከኋላ አየቻቸው። ያኔ ሥራ ይረፍድባታል ብዬ እጇን የጎተትኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ መልሷ አንድ ዓይነት ሆነ። «እንቅልፍስ?» «ዓይኔን ሳልከድን ነጋ።» «ዛሬስ?» «ኧረ እቴ፣ ምን እንቅልፍ አለና!» እትዬ ዘሀራ ዱቄቱን ጨመሩ፣ የማፍያውን ጊዜ አስረዘሙ። መምህሩን «የአያትህ ሥር ሰነፍ ነው» ብለው ወቀሱት። እሱም «እትዬ ዘሀራ፣ አንተ የመጀመሪያውን ለምን ጣልክ? ያ ጥሩ ነበር!» አላቸው። እናቴ ጽዋዋን ሳታስተርፍ ትጠጣለች፣ ሾርባዋን ትጠጣለች፣ ሥራዋን ትሄዳለች። ጉንጯ ሞላ ብሎ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ይህን የሱፍ ውሃው ሥራ ነው አለ። እንቅልፍ ግን የለም።

ሕማማት አለፈ። ፋሲካ ሆነ። እናቴ ዶሮ ሠራች፤ የተሾመን ብልት እንደ ወትሮው በትንሽ ሳህን አስቀመጠች፣ ከደነችው። ሳምንቱ አልቆ የዳግማይ ትንሣኤ ለት ማታ ቤቱን ጠራርጋ በርጩማዎቹን በግድግዳው ዙሪያ ደረደረች። እንግዳ ሊመጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ማንም አልመጣም። ሰኞ ጠዋት እትዬ ዘሀራ እንደ ልማዳቸው ጠየቋት። «እትዬ፣ ተኛሁ» አለች። «እስኪነጋ ተኛሁ።»

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ጋሽ በቀለ ፊት፣ እትዬ ዘሀራ ከጎናቸው፣ የእድሩ ሰዎች ከኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። እናቴ በሩን ወለል አድርጋ «ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች። በርጩማዎቹ ለሁሉም በቁ። ከዚያ ጮኸች።

በኋላ በየጎረቤቱ ከሰማሁት እንዳጣራሁት፣ ወሬው የደረሰው በቅበላ ሳምንት ነበር። ቆስሎ ለሕክምና አዲስ አበባ የመጣ የሰፈራችን ልጅ፣ ተሾመን በእጁ እንደቀበረው ለጋሽ በቀለ ተናገረ። እንቅልፍ ያጣች፣ እህል ያስጠላት እናት መርዶ አትረዳም፤ ልቧ አይችለውም ይባላል። እድሩ መከረ። መጀመሪያ ትተኛ፣ ትጠንክር፣ ከዚያ ይነገራት ተባለ። ማስተኛቱ ለእትዬ ዘሀራ ተሰጠ። ቡልቡላ የሄድነው፣ ሱፉ የተወቀጠው፣ ተረቱ የተወራው ለዚህ ነበር። ህንዱ መምህር እንኳ ያውቅ ነበር። ከግቢው የማናውቅ እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። እንዲህ ነበር ያመንኩት።

ጋዜጠኛ ሆኜ ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላ ስለ ባህል መድኃኒት አንድ ጽሑፍ ጻፍኩ። ጊዜዋ በህንድ ባህላዊ ሕክምና የታወቀ መሆኑን፣ አሁን በፋርማሲ በጠርሙስ ታሽጎ እንደሚሸጥ አሰፈርኩ። በቤቴ ያየሁትንም ጨመርኩ፤ «እናቴ ሁዳዴን ሙሉ ጠጥታዋለች፤ እንቅልፍ አላመጣላትም» አልኩ። በአንድ ሰው የታየ ነገር ለሌላው ማስረጃ እንደማይሆን አስጠንቅቄአለሁ። ከልጅነቴ ምን ቀረ ብባል ያ የፈረስ ሽታ፣ የፋኖሱ ጥቀርሻና ያላለቀው ተረት ነው የምለው፤ ሌላው የሚጣራ ጉዳይ ነው።

ጽሑፉን ከመስጠቴ በፊት ለእናቴ አነበብኩላት። አርጅታለች፤ ሥሩን በቆፈርንበት በቡልቡላ ኮንዶሚኒየም አብረን እንኖራለን።

«እሱ ልክ አይደለም» አለች።

«የቱ?»

«አላመጣላትም ያልሽው። ከተረቱ ለት ጀምሮ እተኛ ነበር። እንደ ድንጋይ።»

ምስክሩ ማን ነበር ብዬ አሰብኩ። እኔ ቀድሜያት ነበር የምተኛው። እሷ ያለችውን ነው የሰማሁት፤ አንድ ምንጭ።

«ታዲያ ጠዋት ጠዋት አልተኛሁም የምትዪው?»

«ሸለብ አደረገኝ ስላቸው ወደ በቀለ ቤት ሲሮጡ አላየሽም? የእኔ ሸለብታ ለእድር ዳኛ ምኑ ነው? ወንድምሽ ጻፈ ወይ ማለቱንም ከተዉት ቆይተዋል። ተኛሁ ያልኩ ለት እንደሚመጡ ገባኝ። ተሾመ ፋሲካን አብሮኝ ይፈስክ አልኩ። ከዚያ በላይ አልተመኘሁም።»

«እትዬ ዘሀራ ይህን ሳያውቁ ሞቱ?»

«ዓመቱን ካወጣሁ በኋላ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ተንሰቅስቀው አለቀሱ። ቀጥሎ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ‹ታዲያ ጅቦቹ እኛ ነበርን በይኛ፣ አስካሉ!› አሉኝ።»