ለማስተርስ የተላከ ሽማግሌ

የእህቴ ልጅ በሜካኒካል ምህንድስና የተመረቀችው በሁለት ነጥብ አምስት ነው። እኔ አሰላ ውስጥ ለማውቀውም ለማላውቀውም ሦስት ነጥብ አምስት እያልኩ አወራ ነበር፤ አንዷን ነጥብ በአጎትነቴ ጨምሬላት።

ማስተርስ ልትቀጥል ስታስብ ሁለት ቦታ ለየች። አንደኛው ስሙ ሲጠራ ሰው ከመቀመጫው የሚነሳለት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከሦስት ነጥብ በታች ዞር ብሎ አያይም። ሁለተኛው ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ያለና የእርሻ መሣሪያ ምህንድስና የሚያስተምር ነው፤ የመግቢያ ፈተናና የሥራ ልምድም ያያል። እኔ ለስሙ ብዬ አንደኛውን ሞክሪ እያልኩ ወተወትኳት።

«አጎቴ፣ እኔ የምፈልገው ኮምባይነሩ ስንዴ የሚያፈሰው ለምን እንደሆነ ማወቅ ነው» አለችኝ። «ገበሬው ያለቅሳል፣ እኔ የመዘውሩን ቺንጋ እቀይራለሁ፣ በማግስቱ ያው ያፈሳል።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ለጥገና ከኮምባይነር ሆድ ስትገባና ስትወጣ የኖረች ልጅ ናት፤ እሺ አልኳት። ሁለተኛው ጋ አመለከተች። መልሱ ግን «ተጠባባቂ» የሚል ሆነ። ልጅቷ እህል አልቀምስ አለች።

እኛ ዘንድ ጥልም ሚስትም በሽማግሌ ነው። ማስተርስ ምን ከለከለው? ሳልነግራት ጡረታ የወጡ አስተማሪና አንድ አዛውንት ጎረቤታችንን ይዤ ወረድኩ። ከአሰላ የለበስነው ጋቢ ዴራ ስንደርስ ጠበሰን።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወጣት ነው። «አባቶች፣ አረፍ በሉ እንጂ።»

«እሺ ሳንባል አንቀመጥም» አሉ አዛውንቱ፣ በሽማግሌ ወግ።

እሱም አክብሮ ቆመ። ጠባቧ ቢሮ ውስጥ አራት ሰው ተፋጥጠን ቆምን። ጉዳያችንን ነገርነው፤ እኔም «ኮምባይነር በድምፁ ታክማለች፤ በሽተኛው ከባሌ ድረስ ራሱን ነድቶ ይመጣል!» አልኩ።

ኃላፊው ማመልከቻዋን ከፍቶ አሳየን። የሥራ ልምድ በሚለው ቦታ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፦ «ጥገና»።

«ይህን ሁሉ ለምን አልጻፈችውም?» አለ። «ተጠባባቂዎችም ይፈተናሉ። የሠራችውን በዝርዝር ጽፋ ታምጣ። እናንተ ስለቆማችሁ ግን ምንም አልጨምርላትም።»

«ትፈተን አሉ?»

«አዎ።»

«እንግዲህ እሺ ተብለናል» ብለው አዛውንቱ ተቀመጡ።

ልጅቷ ስትሰማ አንቱ አለችኝ፤ ስትቆጣ ነው አንቱ የምትለኝ። «ሽማግሌ ይዘው ሄደው ለመኑልኝ? ከዚህ በኋላ በምን ዓይኔ ነው የምፈተነው?» ያኔ እኔም ቀልድ አጣሁ። ይቅርታ ጠየቅኳት።

ሦስት ቀን በሯን ዘግታ ጻፈች። የሮቤው ኮምባይነር ዘንግ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ምን እንደሰበረው፣ ጢቾ ዳገት ላይ ያጨደው ለምን ይበልጥ እንዳፈሰ፣ ሞክራ ያልተሳካላትን ሳይቀር። «ብቸኛዋ የአርሲ...» ብዬ ልጀምርላት ስል ወረቀቱን ነጠቀችኝ።

ተፈተነች። የተቀባዮቹ ዝርዝር ሲወጣ ስሟ ከታች ሁለተኛው ላይ ነበር። ዝርዝሩን ያየችበትን ስልክ ሦስት ጊዜ ዘግታ ሦስት ጊዜ ከፈተችው። ከዚያ ግራሶ የነካውን ቱታዋን እንኳ ሳታወልቅ እናቷ ጋ ሮጠች።