አንገቴን የዳሰሰው ሰው

ካዛንቺስ ካለችው የልብስ ስፌት ሱቄ የወሰዱኝ ሸሚዝ እየቆረጥኩ ሳለ ነው። መቀሱን አስቀምጥ አሉኝ፣ አስቀመጥኩ። ጥፋቴ ከሱቅህ ጀርባ ወጣቶች እየሰበሰብክ ታሳድማለህ የሚል ነበር። መሰብሰቡንስ ይሰበሰቡ ነበር፤ ኳስ ለማየት ነው እንጂ። ይህንኑ ለመርማሪው ነገርኩት፤ አልሳቀም።

የታሰርኩባት ክፍል ምድር ቤት ናት። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው፤ የሰው ትንፋሽ፣ የረጠበ ብርድ ልብስና የሽንት ባልዲው ሽታ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ ሰዎች አየሁ። ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ። ከየቤቱ የመጣ ምግብ አንድ ላይ ተደባልቆ በጋራ ይበላል፤ የክፍሉ ደንብ ነው። ጥግ ላይ ብቻውን የሚበላ አንድ ሰው ግን ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ አጠገቤ ያለው ወጣት ጆሮ ጠቢ ነው አለኝ። ለምርመራ ሲጠራ ሳይደበደብ ይመለሳል፣ ከማንም ጋር አያወራም። ማስረጃቸው ይኸው ነበር።

በዚያን ጊዜ ከመንጋጭላዬ ሥር፣ በግራ በኩል፣ እብጠት ነበረኝ። ስለማያመኝ ንፍፊት ነው ብዬ ትቼው ከርሜ ነበር። እዚያ ከገባሁ ወዲህ ግን የጨመረ መሰለኝ፤ መዋጥ ከበደኝ።

ከመካከላችን አንድ ወሎዬ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፣ ወጌሻነትም ያውቃል። እዚያው ክፍል ውስጥ የስንቱን ብጉንጅ በጥቶ አድኗል። ደግ ሰው ነው፣ ሁሉም ይወደዋል። ይሄ መግል ይዟል፣ ይበጣና ይገላገሉት አለኝ። ክፍሉም ተስማማ። ጠዋት ከላይኛዋ መስኮት ብርሃን ሲገባ አስቀመጠኝ። ደብቆ የያዘውን የምላጭ ስባሪ በላይተር አጋለ። እኔም አንገቴን ዘንበል አደረግኩ።

ያኔ ያ ሰውዬ ከጥጉ ተነሳ። «እባክህ፣ ቆይ» አለው። ድምፁን የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ከመታሰሩ በፊት የቀዶ ጥገና ሐኪም እንደነበረ ተናገረ፤ ማንም አላመነውም። ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ይፈቅዱልኛል? ልዳስስዎት?»

ከተያዝኩ ወዲህ ሰውነቴን የነካ ሁሉ ፈቃዴን ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። እሺ አልኩት።

እብጠቱን በሁለት ጣቱ ያዘው። ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲገፋው ይሄዳል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ሲለው ግን አልነቃነቅ አለ። ደጋገመው። ከዚያ ጆሮውን አንገቴ ላይ ለጠፈ።

«ጋሼ ይጠንቀቁ፣ አንገትዎ ያወራውን ሁሉ ነው የሚያደርሰው» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ማለቴ፣ ያስቃል። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ማዳመጡን ቀጠለ።

ቀና ሲል መግል እንደሌለው ነገረን። ወደ ጭንቅላት ደም የሚወስደው ትልቁ ሥር አንገት ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ እዚያ መንታው ላይ የበቀለ ዕጢ ይመስላል፣ እርግጡ በመሣሪያ ሲታይ ነው የሚታወቀው አለ። አብዛኛው ክፉ አይደለም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። በምላጭ ከተነካ ግን ደሙን እዚህ የሚያቆመው የለም።

ሊያስፈራራን ነው ያሉ ነበሩ። ወጌሻው እኔን አየኝ። በአንድ በኩል ሁሉም የሚወደው ሰው፣ በሌላው ማንም ሰላም የማይለው። የምሰጠው ደግሞ የራሴን አንገት ነው።

ሐኪሙ የወጌሻውን ጣት ይዞ እብጠቱ ላይ አሳረፈለት። «ጫን አታድርግ፤ ዝም ብለህ ጠብቅ» አለው።

ወጌሻው ጠበቀ። ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ይመታል» አለ። «እንደ ልብ ነው የሚመታው።» ምላጩን በጨርቅ ጠቀለለው። «ይሄስ የኔ አይደለም፣ ጋሼ። ልገድልዎት ነበር።»

ምሳ ሲመጣ ድርሻዬን ይዤ ወደ ጥጉ ሄድኩ። ያ አጠገቤ የሚተኛው ወጣት እጄን ያዘኝ። «ሐኪምስ ቢሆን? ሐኪም ጆሮ አይጠባም?»

ይጠባ ይሆናል፣ ምሳ ግን ብቻውን አይበላም አልኩት። ተቀመጥኩና ሐኪሙን አጎረስኩት። ትንሽ ቆይቶ ወጌሻው የውሃ ጆጉን ይዞ መጣ። ሌሎቹ ባሉበት ቀሩ።

ብዙም ሳይቆይ ሐኪሙን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። እኔ ስፈታ ልጆቼ ሆስፒታል አስገቡኝ። በአልትራሳውንድ፣ ቀጥሎም በሲቲ ስካን ሲታይ እሱ እንዳለው ሆነ። ደም ተዘጋጅቶ ተቀደድኩ። ዕጢውን ከደም ሥሩ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየላጡ አነሱት፤ ክፉ አልነበረም። እዚያ አካባቢ የድምፅ ነርቭ ስለሚያልፍ ሊጎዳ እንደሚችል አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፄ ዝግ ያለ ነው።

አሁን የምኖረው ጎተራ፣ ኮንዶሚኒየም ነው። በቀደም ኡራኤል ታክሲ ስጠብቅ ያን ወጣት አገኘሁት፤ ሸብቷል። ተሳሳምን። ስለ ሐኪሙ አንስቶ፣ እውነትም የነሱ ሰው እንደነበር ከሰው ሰማሁ አለኝ። እኔ እስካሁን አላውቅም። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል።

«ያኔ ቢያውቁ አብረውት ይበሉ ነበር?» አለኝ።

እበላ ነበር አልኩት። በመኪናው ጫጫታ አልሰማኝም። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ ደገምኩለት።