የአርባ አንዱ ሕዋሳት ብርሃን

«ሽመላው፣ ሽመላው፣ ወንዙን ስትሻገር፣
አደራ ንገራት ያልኩህን ነገር…»

ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፍቷታል። ኦሪሲያ ሃላይኮ እናቷ ልብስ ስታሰጣ የምታዜመውን ይህን የዩክሬን ዘፈን ሁልጊዜ እዚህ ስትደርስ በ«እምም» ትሞላዋለች።

በዊኒፔግ፣ በዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አይጥ ስታሳድግ ኖራለች። በአይጧ የራስ ቅል ላይ ጥፍር የምታህል መስታወት ትተክላለች፤ የዶክትሬት ተማሪው ሬሚ ዴሮሼ በዚያች መስኮት አንጎሏን ይቀርጻል። ሕዋስ ሲነቃ ካልሲየም ይጎርፍበታል፤ ካልሲየም በጎረፈበትም አረንጓዴ ብርሃን ቦግ ይላል። ቀረጻውን ኢንተርኔት ላይ ወዳለ መተንተኛ ገጽ ሲጭኑት፣ ገጹ እያንዳንዱን ሕዋስ ከብቦ ብርሃኑን በቀለም መስመር ይስለዋል።

አይጦቹ የሚጠጡት ውሃ ካለበት ቦታ በደረሱ ቁጥር አርባ አንድ ሕዋሳት ቦግ ይሉ ነበር። የቦታው ትዝታ ነው፣ አለ ሬሚ። የስድስት ዓመት ድካሙን፣ የዶክትሬት ጽሑፉን፣ በእነሱ ላይ ጻፈ። ሐሙስ ጥናቱን ሊከላከል በመምህራኑ ፊት ስለሚቆም፣ ማክሰኞ ጠዋት ኦሪሲያን አንድ ያማረ ሥዕል ለመናት።

ለሥዕሉ ብላ ጥሬውን ቀረጻ ከፈተች። አይጧ ውሃ በላሰች ቁጥር፣ እንደ ቅርንጫፍ የተዘረጋው ጥቁር ደም ሥር ዘለል ይላል። ቀረጻውን መልሳ አጫወተችው። ገጹ ቀረጻ ሲጫንበት «ቀረጻው ተረጋግቷል ወይ?»፣ ማለትም የአንጎሉ መነቅነቅ ተስተካክሏል ወይ፣ ብሎ ይጠይቃል፤ «አዎ» ያለችው እሷ ነበረች። ድሮ የቤተ ሙከራው ኮምፒዩተር ቀረጻውን ሁሉ አስቀድሞ ያረጋጋው ነበር። መስከረም ላይ፣ እነዚህ ቀረጻዎች ከመጫናቸው በፊት፣ ኮምፒዩተሩ ሞተ፤ የእጇ ልማድ ግን አልሞተም።

«አይደለም» ብላ እንደገና አስተነተነችው። መስመሮቹ እንደ በረዶ ሜዳ ዝርግ ሆኑ። ከአርባ አንዱ ቦግ የሚሉት ሁለት ብቻ ሆኑ።

ሬሚ ገባ። «ሥዕል ለመንኩሽ እንጂ ካቴድራል ሥሪልኝ አልኩሽ?»

ስክሪኑን አዞረችለት። «ደም ሥሩን እየው። ከሕዋሳቱ ብርሃን ጋር አብሮ ይዘላል፤ ያየነው የአንጎሉን መነቅነቅ ነው። ደም ሥር ደግሞ ምንም አያስታውስም።»

ሦስት ጊዜ አየው። ከዚያ ያልነኩት ቁልፍ አልነበረም፤ ክቡን አጠበቡ፣ አሰፉ፣ ሌላ ገጽም ሞከሩ። ሜዳው ሜዳ ሆኖ ቀረ።

«እንደገና የምንቀርጻት አንዲት አይጥ እንኳ አልቀረችም?» አለ ሬሚ።

«አንዲት እንኳ። ሙከራ ሲያልቅ ደንቡ ነው፤ ኅዳር ላይ በገዛ እጄ ነው ላይነቁ ያስተኛኋቸው። ገጹን ‹አዎ› ያልኩትም እኔ ነኝ፣ ሬሚ» አለችው።

«ጥሬውን ቀረጻ ሳያይ የጻፈውስ ማነው?» አለ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። ቁጣ ቢኖረው ይቀላት ነበር።

ለአማካሪው ደውሎ ሲነግር ሰማችው። የሐሙሱ ቀጠሮ ቀረ፤ መቼ እንደሚሆን ማንም አላወቀም። ካፖርቱን ትቶ ወጣ። ተከትላው ደረጃውን ሮጠች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን በረዶው ላይ የቀረው ኮቴው ብቻ ነበር።

ካፖርቱን አቅፋ ወደ ሠራተኞች ማረፊያ ተመለሰች። ከጠዋት ጀምሮ ያልተከፈተውን ምሳዋን አወጣች፤ ድንች በሊጥ የተጠቀለለበት ስምንት ፐሮጊ፣ ቅባቱ ከነሽንኩርቱ የረጋበት። ከስምንቱ አራቱን ለሬሚ በክዳኑ ላይ ለይታ፣ ከፊት ለፊቷ ባለው ባዶ ወንበር በኩል አስቀመጠችና ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ወንበር ሳበች፣ ተቀመጠች፣ የራሷን አራት እንደቀዘቀዙ መብላት ጀመረች።