ከሰናይት ጋር ሰልፍ የቆምንበት ቀን

ባለፈው እሑድ እንጦጦ መናፈሻ በር ላይ ወጣቱ ጥበቃ ከዘራዬን አየና፣ «አባባ፣ ካርድ ካለዎት በዚህ በኩል ይግቡ፤ አይሰለፉ» አለኝ። የአካል ጉዳተኛ መታወቂያዬን አሳይቼው ገባሁ። ይህን ካርድ ሰው ፊት ማውጣት ሞት የሚመስለኝ ጊዜ እንደነበር ትዝ ያለኝ አግዳሚ ወንበር ላይ ካረፍኩ በኋላ ነው።

ግራ እግሬ ከጉልበት በታች ሰው ሠራሽ ነው። ልጅ ሳለሁ መኪና ገጭቶኝ ተቆረጠ። ጎረምሳ ሆኜ አዲሱ ገበያ ልብስ ስሰፋ፣ ፊት ለፊታችን ጨርቅ የምትሸጥ ሰናይት የምትባል ልጅ ወደድኩ። ሳነክስ ታያለች፤ ጠይቃኝ ግን አታውቅም። እኔም አልነገርኳትም።

መስከረም ላይ፣ የቀጨኔ ቁልቁለት ጭቃው ደርቆ መንገዱ ለእግሬ ሲመች፣ ቲያትር ጋበዝኳት። ሰልፉ ከአዳራሹ በር አልፎ አስፋልት ደርሷል። የተጠበሰ በቆሎ ገዝተን እየፈለፈልን ቆምን። ከዝናብ በኋላ ያለው ፀሐይ ደግሞ አናት ይበሳል። ካርዱ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። አንድ ሰውዬ በክራንች እየተራመደ፣ እንደኔው ያለ ካርድ አሳይቶ ከእህቱ ጋር አልፎን ገባ።

«እንዲህ ማድረጋቸው ደግ ነው» አለች ሰናይት። እኔ በቆሎዬን መፈልፈል ቀጠልኩ።

ሰው ሠራሹ እግር የሚታሰርበት ቦታ ይልጠኝ ጀመር። ላቤ ሲንቆረቆር አየችና፣ «አሞሃል እንዴ?» አለችኝ።

«እግሬ ነው... ማለቴ፣ ግራ እግሬ የለም። ሰው ሠራሽ ነው።»

ካርዱን አውጥቼ ሰጠኋት። ፊቱን አነበበች፤ ገልብጣ ጀርባውንም አነበበች።

«አንድ ረዳት ይዞ ያለ ሰልፍ ይገባል ይላል።»

«አዎ።»

«ታዲያ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ላይ የምታቆመኝ ለምንድን ነው?»

መልሴን ሳትጠብቅ ካርዱን እንደያዘች ወደ በሩ ሄደች። ተከተልኳት። ዘበኛው ቁልቁል አየኝና፣ «ሁለት እግር አለው እኮ» አለ። ስፈራው የኖርኩት ይህንኑ ነበር።

«ወንድሜ፣ ካርዱን አይተሃል» አለችው ሰናይት ድምፅዋን ሳታነሳ። «ሱሪውን አውልቆ እንዲያሳይህ ነው የምትፈልገው?»

ከኋላ ሰዎች ሳቁ። ዘበኛውም አፍሮ ገለል አለልን።

ስለ ቲያትሩ የማስታውሰው ነገር የለም። መብራቱ ሲጠፋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «የሚያምህ ከሆነ እግሩን አውልቀውና እረፍ፤ ማን ያይሃል?» ያለችኝን ግን አልረሳም። አወለቅኩት። ከቤቴ ውጭ ሳወልቀው የመጀመሪያዬ ነበር።

ከሰናይት ጋር አልተጋባንም። ሌላ አግብታ ልጆች ወልዳለች፤ መድኃኔ ዓለም ልንሳለም ሄደን ስንገናኝ ስለ ቤተሰብ ተጠያይቀን እንለያያለን። እንጦጦ ተቀምጬ ያሰብኩት ግን ያንን የመስከረም ፀሐይ ነው። የደበቅኩት የራሴን እግር ነበር፤ በሱ ሰበብ በፀሐይ የተቃጠለችው ግን እሷም ናት። ለባለቤቴ ስለ እግሬ፣ በተዋወቅን በሳምንቱ፣ ገና ሻይ እየጠጣን ሳለ ነገርኳት።